በፍጹም ልብ ስለ መጽናት
(ከብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት)

የሰው ሃይማኖት የሚታወቀው ጎተራው በሞላ፣ ልጆቹ በደኅና ባደጉ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እጅ በነሣው ጊዜ አይደለም። እንዲህ ባለው ወራት እግዚአብሔርን ማመስገን ለማንም አይከብድም። ጌታችን ስለ ዘሪው በሰጠው ምሳሌ በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ፈጥኖ መብቀሉን፣ ፀሐይ በወጣ ጊዜ ግን ሥር ስላልነበረው መድረቁን አስተምሮናል። ልብ ብለን ብንመለከተው ያ ፀሐይ በመልካሙ መሬት ላይም ወጥቷል። አንዱን ያደረቀው ፀሐይ ሌላውን አብስሎ ለመከር አደረሰው። ስለዚህ መከራ በመጣ ጊዜ ለምን መጣ ብለን ከመጠየቃችን በፊት ሥሩ ምን ያህል ጠልቋል ብለን ራሳችንን ልንመረምር ይገባናል።

መከራ ሰውን ከሃይማኖቱ የሚያናውጠው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ሰው ጉዳት ሲያገኘው ፈጽሞ ይሸሻል፤ ቤተ ክርስቲያንን ይረሳል፣ የንስሐ አባቱንም ደጅ አይረግጥም። ሌላው ግን አይሸሽም፤ ነጠላውን አጣፍቶ በቅዳሴው ይቆማል፣ ጾሙንም ይጾማል፤ ነገር ግን ከልቡ እኩሌታውን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ እኩሌታውን ለቂም ወይም ለፍርሃት አስቀርቷል። ይህ ሁለተኛው ሕመም ከፊተኛው ይልቅ ለመታወቅ ያስቸግራልና የበለጠ ያሠጋል። በፍጹም ልብ መጽናት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ደግሞ የአንድ አባት ሕይወት ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ የነበሩትን የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ታሪክ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ለመተረክ አሰብን።

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ደቡብ፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ ሰፈር የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የመልአኩ በዓል ሲከበር ምእመናን በብዛት ይሰበሰባሉ፤ ስእለቱን የሚያስገባ አለ፣ ዕንባውን የሚያፈስስ አለ፣ የልጁን ጤና የሚለምን አለ። ይህን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱት አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ ዐፅማቸውም ያረፈው በዚያው ነው። ከደጁ ቆሞ ለሚጸልይ ሁሉ ይህ መቃብር ዝም ያለ ሰባኪ ነው፤ እኛም ስለ እርሱ የምንጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸውም መልእክቱ ይባል ነበር። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ደብር ናት። በዚያ ዘመን የአብነት ተማሪ የሚያድገው በድሎት አልነበረም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ስለ እመቤታችን እያለ በየደጁ ይለምናል፤ አንዱ ቤት ቁራሽ ሲሰጠው ሌላው ቤት ውሻ ይለቅበታል። ከተመለሰም በኋላ በደሳሳ ጎጆ ውስጥ ሌሊቱን ሲቀጽል ያድራል። ስለዚህ የአብነት ትምህርት ቤት ከዜማውና ከቅኔው ጋራ ማጣትን መታገሥንም ያስተምር ነበር። ቅኔም ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በውስጡ የተሰወረው ወርቅ ይገለጣል። ይህ ነገር በቅኔ ቤት የሚነገር ጥበብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የዚህ አባት ሕይወት በኋላ ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ ትምህርታቸውን ለማስፋት ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ሥርዐተ ምንኵስናንም በደብረ ሊባኖስ ገዳም ፈጸሙ። ወጣትነታቸው ያለፈው ቤተ ክርስቲያናችን በደም በተፈተነችበት ወራት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ኢጣልያ ወታደሮች ጥይት በአዲስ አበባ አደባባይ ወደቁ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተጨፈጨፉ። የዚያ ትውልድ መነኵሴ ቆብ ሲደፋ የሚደፋው ምን እንደሚያስከፍል ዐውቆ ነበር። ሹመት ከሰማዕትነት የራቀ ነገር አለመሆኑን ያ ዘመን በዐይናቸው አሳይቷቸዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ለ1600 ዓመት ያህል ጳጳሷን የምትቀበለው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ግን ከሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ስምምነት በኋላ አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች በካይሮ ማዕርገ ጵጵስና ተቀበሉ። ከእነዚህም አንዱ መልእክቱ ነበሩ፤ ቴዎፍሎስም ተብለው የሐረርጌ ሀገረ ስብከት ተሰጣቸው። የዚህ ስም ትርጓሜ በጽርእ ቋንቋ የእግዚአብሔር ወዳጅ ማለት ነው። ሐረር የብዙ ሃይማኖትና የብዙ ቋንቋ ሕዝብ የሚኖርባት ሀገር ስለ ሆነች በዚያ እረኛ መሆን ጥበብና ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። እርሳቸውም የካህናትን መማርና የወጣቶችን መሰብሰብ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቡ አባት ሆኑ። በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ቤተ ክርስቲያናችንን ወክለው በልዩ ልዩ ጊዜ ተገኝተዋል።

በሰኔ 1951 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በጥቅምት 1963 ዓ.ም. እርሳቸው ሲያርፉ መንበሩን በእንደራሴነት የጠበቁት አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። በመጨረሻም ተመርጠው፣ እሑድ ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. በእመቤታችን የልደት በዓል፣ በአዲስ አበባ ሥርዐተ ሢመታቸው ተፈጸመ። በገዛ ሀገሩ፣ በገዛ ወንድሞቹ በኢትዮጵያውያን ጳጳሳት እጅ ለፓትርያርክነት የተሾመ የመጀመሪያው አባት እርሳቸው ነበሩ። የደብረ ኤልያሱ የአብነት ተማሪ ከዚህ ከፍ ያለ ምድራዊ ክብር አልነበረውም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያከብሯቸዋል፣ መሳፍንቱ መስቀላቸውን ይሳለማሉ፣ የውጭ ሀገር አብያተ ክርስቲያናትም ይጋብዟቸዋል።

እዚህ ላይ አንባቢን ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምነዋለን። መከራ የሚፈትን እንደ ሆነ ሁሉ ክብርም ይፈትናል። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር፤ የርስትና የጉልት መሬትም ነበራት። ብዙ ሰው ይህ ሁሉ ለዘለዓለም የሚኖር መስሎት ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ ግን ቤተ ክርስቲያን በመሬትና በቤተ መንግሥት ብቻ ተደግፋ እንዳትቀር የሚያደርግ ሥራ ጀመሩ። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲ የተባለው ደንብ በእርሳቸው ዘመን ወጣ፤ በዚህም ደንብ ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው እንዲቋቋም ተደረገ። ካህናቱም ምእመናኑም ወጣቶቹም በአንድነት ተቀምጠው ስለ አጥቢያቸው እንዲመክሩ፣ ምእመኑም በየዓመቱ ከአቅሙ እየከፈለ የቤተ ክርስቲያኑ አባልና ባለቤት መሆኑን እንዲያውቅ ታዘዘ። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም እንዲስፋፉ በብርቱ ተጉ።

በዚያን ጊዜ ይህ ነገር ለአንዳንዱ ትንሽ ነገር መስሎ ታይቶ ይሆናል። የሰፊ መሬት ባለቤት ለሆነች ቤተ ክርስቲያን የአንዲት መበለት ጥቂት ሳንቲም ምን ይጨምርላታል ያለም አይጠፋም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ መሬቱ ሁሉ ሲሄድ የቀረው ያ የመበለቲቱ ሳንቲም ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የሀገራችን ነገር ተናወጠ። ወታደሩ፣ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሠራተኛው ተነሣ፤ ካህናትም ሳይቀሩ ስለ ደመወዛቸው ማነስ ድምፃቸውን አሰሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በኅዳር ወር ስድሳ ያህል የቀድሞ ባለ ሥልጣኖችና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መሬቷንም፣ የኪራይ ገቢዋንም፣ በመንግሥት ዘንድ የነበራትንም ስፍራ አጣች። ብዙ ካህናት ከዕለት ጉርሳቸው ተለዩ።

በዚህ ስፍራ ሳንናገረው ልናልፍ የማይገባን እውነት አለ። ከመሬቱ ገባር ድካም የተነሣ ብዙ ኀዘን በሀገሪቱ ነበረና የመሬት ለአራሹ አዋጅ ብዙ ድኃ ገበሬ ደስ አሰኝቷል። መሬት ማጣት ሃይማኖት ማጣት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ሳለችም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አባታችንን ለጽኑ ፈተና ያደረሳቸውም የመሬቱ ነገር አልነበረም። ፈተናው የመጣው ጳጳስን የሚሾም ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

የሐዋርያት ቀኖና ማዕርገ ጵጵስናን በዓለማዊ ገዥዎች ኀይል የሚቀበለውን ሰው ያወግዛል። በእርግጥ በቀደሙት ነገሥታት ዘመንም ቤተ መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ሹመት እጁን ያስገባ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ያ ንጉሥ ቢያጠፋም ቢያለማም በቤተ ክርስቲያን የተጠመቀና ሥጋ ወደሙን የሚቀበል ልጅ ነበረ። አዲሶቹ ገዥዎች ግን ሃይማኖትን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቈጥር ትምህርት የያዙ ነበሩ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1967 ዓ.ም. ገደማ ከመንግሥት ፈቃድ ሳይጠይቁ ሦስት ጳጳሳትን ሾሙ። ይህን ሲያደርጉ በኅዳር የሆነውን ያዩና የሰሙ አባት ናቸው፤ ሰይፉ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ አልተሰወረባቸውም። ዝም ብለው ቢቀመጡ መንበራቸውን ሊያቈዩ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን እጅ መጫን ከሐዋርያት የተቀበሉት አደራ እንጂ ከመንግሥት የተከራዩት ሥልጣን አልነበረም። ከልባቸው እኩሌታውን ለፍርሃት ያስቀሩ ቢሆን ኖሮ ያ ሢመት አይፈጸምም ነበር።

በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረደ። ከተከሰሱባቸውም ነገሮች አንዱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት መሾማቸው ነበር። እርሳቸውም ሦስቱም አዲስ ጳጳሳት ታሰሩ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኩ በሕይወት ሳሉና በቀኖና ሳይሻሩ ሌላ መሾም አይገባም ብላ የአዲሱን ፓትርያርክ ሢመት ሳትቀበል ቀረች። በቦታቸው የተሾሙት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በበኩላቸው በጾምና በትሕርምት የተጠመዱ አባት ነበሩና እርሳቸውን የምንወቅስበት ነገር የለንም፤ እግዚአብሔር በጨለማ ወራትም መብራቱን በልዩ ልዩ መቅረዝ ያኖራል።

አባታችን ከሦስት ዓመት በላይ በእስር ቈዩ። መስቀላቸውን የሚሳለም መኰንን የለም፤ ድባብ የሚዘረጋ ዲያቆን የለም፤ ማዕጠንት የለም፤ ከበሮና ጸናጽል የለም። ከክብር ወደዚህ የወረደ ሰው በምን ይጽናናል? ለመንበሩ ሲል የኖረ ቢሆን ከመንበሩ ጋራ ሃይማኖቱም ባለቀ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ በተጠጋ ጊዜ፣ ያለ ፍርድ ከእስር ቤት ተወስደው ታንቀው ተገደሉ። ሞታቸው በዐዋጅ አልተነገረም፤ ፍትሐት አልተደረገላቸውም፤ መቃብራቸውም አልታወቀም።

ይህ ለሀገራችን ሰው ምን ያህል መራር እንደ ሆነ አንባቢ ይረዳል። እኛ የድኃ አደጉን እንኳ ሬሳ በመስቀልና በጸሎት የምንሸኝ፣ አርባውንና ሰማንያውን የምናስብ፣ ተዝካር የምናወጣ ሕዝብ ነን። የስንቱን ነፍስ በጸሎት የሸኙት ፓትርያርክ ግን ያለ ጸሎት ወደ ጉድጓድ ተጣሉ፤ ለ13 ዓመት ያህልም በዚያ ቈዩ። በዐይን ለሚያይ ሰው የእርሳቸው ነገር በዚያ ያለቀ ነበር።

እግዚአብሔር ግን ዐፅማቸውን አልረሳም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ። በ1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአንድ ግቢ ውስጥ ዐፅማቸው ወጥቶ፣ ራሳቸው ወደ መሠረቱት ወደ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ፈለሰ። ሹመታቸው እንደ በደል ተቈጥሮባቸው ከታሰሩት ከሦስቱ ጳጳሳት አንዱ፣ ሰባት ዓመት ያህል በእስር የቈዩት አቡነ ጳውሎስ፣ በዚያው በ1984 ዓ.ም. አምስተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። እንደ ወንጀል የተከሰሱበት እጅ መጫን ፍሬ ያፈራው እንዲህ ሆኖ ነው። ሰበካ ጉባኤውም አልፈረሰም፤ መሬት ከሄደ በኋላ የካህናቱን ደመወዝ የሸፈነ፣ የተዘጋውን በር ያስከፈተ፣ የፈረሰውን ያሳደሰ የምእመናን አሥራትና መዋጮ ነው። ገዥዎቹ መንበሩን መውሰድ ተቻላቸው፤ በሕዝቡ ልብ የተተከለውን ግን ለመውረስ የሚበቃ አዋጅ አላገኙም።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን የሚመስል ነገር ከዚህም ቀደም ሆኗል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሳለ በቤተ መንግሥት ሰዎች ጥላቻ ከመንበሩ ተነቅሎ ተሰደደ፤ በ407 ዓመተ እግዚእ በስደት መንገድ ላይ ደክሞ ዐረፈ። ከ31 ዓመት በኋላ ግን ዐፅሙ በታላቅ ክብር ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰ፤ ያሰደዱት ንጉሥና ንግሥት ልጅ ንጉሥ ቴዎዶስዮስም በወላጆቹ ፈንታ ይቅርታ ለመነ። እኛም በስሙ በተጠራው ቅዳሴ እስከ ዛሬ እንቀድሳለን። የእውነተኛ እረኛ ነገር ከመቃብሩ በኋላ ይጠራል።

ምናልባት አንባቢ ይህ ሁሉ የታላላቆች አባቶች ነገር ነው፤ እኔን ደርግ አላሰረኝም፣ መንበርም የለኝ ይል ይሆናል። እኛ ግን ፈተናው አንድ ነው እንላለን፤ የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው። ሱቁ የከሰረበት ነጋዴ፣ ከሥራው የተሰናበተ አባወራ፣ ልጇን በሞት የተነጠቀች እናት፣ ከኖረበት ሰፈር ተነሥቶ ዕድሩንና ሰንበቴውን ትቶ ወደ ማያውቀው ሰፈር የሄደ ሽማግሌ፤ እነዚህ ሁሉ በየመጠናቸው ከመንበራቸው የወረዱ ናቸው። ጠላት ለእያንዳንዳቸው በሹክሹክታ የሚያቀርበው ጥያቄ ጥንት ስለ ኢዮብ ያነሣው ያው ክስ ነው፤ እግዚአብሔርን ያመለኩት በከንቱ ነውን፣ ስለ ተሰጣቸው በረከት አይደለምን ይላል። ለዚህ ክስ የሚሰጠው መልስ በአፍ የሚነገር አይደለም፤ በማግሥቱ ማለዳ ተነሥቶ ደጀ ሰላም መሳም ነው።

ስለዚህ በደጉ ቀን ሥሩን እናጥልቅ። ጸሎታችንን ለጭንቅ ቀን ብቻ አናስቀምጠው፤ በሰላም ቀን ያልለመድነው ጸሎት በመከራ ቀን ከአፋችን አይወጣምና። ጉዳት ባገኘን ጊዜ ከሁሉ አስቀድመን ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ፤ ኀዘን ለብቻው የተቀመጠን ሰው ያሸንፋል። ራሳችን በተቸገርንበት ወራት ከእኛ የባሰበትን አንድ ሰው እንፈልግ፤ የሚሰጠው ያጣ ሰው የሚጠይቀው እግር አላጣም። ሃይማኖታችን ውል አይሁን፤ ይህን ብትሰጠኝ ይህን አደርጋለሁ የሚል ሰው የሚያመልከው ስጦታውን እንጂ ሰጪውን አይደለም። በመከራ የደከመውንም ወንድማችንን አንፍረድበት፤ ጴጥሮስ ክዶ ተመልሷልና፣ የተመለሰውም በጌታ እይታ እንጂ በሰው ነቀፋ አይደለም።

ወደ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል የሚሄድ ሰው ስእለቱን ካደረሰና መልአኩን ከተማጠነ በኋላ ጥቂት ቆሞ በዚያ ያረፉትን አባት ቢያስብ መልካም ነው። ያ ቦታ ሁሉን ነገር የተነጠቁ፣ ነገር ግን የሰጡትን ልብ መልሰው ያልወሰዱ አባት ያረፉበት ነው። ሦስቱን ሕፃናት ከእቶን እሳት ያዳነ መልአክ እርሳቸውን ከገመዱ አላዳናቸውም፤ እሳቱ ሊያቃጥለው ያልቻለውን ሃይማኖት ግን ለእርሳቸውም ጠብቆላቸዋል። ለእኛም ከዚህ የሚበልጥ ልመና የለንም።

አምላከ ቅዱስ ገብርኤል በደስታችንም በኀዘናችንም ልባችንን ከመከፈል ይጠብቅልን፤ የአባታችን የአቡነ ቴዎፍሎስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋራ ይሁን። አሜን።